«ነዳጅ መስጫ» እና የአየር ክዳን፦ ከጅማ መንገድ የመኪና ቃላት ታሪክ

የውጭ አገር የመኪና ጥገና መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ረጅሙ ሐተታ ሳይሆን አጭሩ ትእዛዝ ነው። አንድ የቤንዚን ሞተር ሲረገጥ እየዘገየ፣ ሳይረገጥ እየጮኸ፣ ቤንዚንም ያለ ልክ እየበላ ያስቸገረ እንደ ሆነ፣ መጽሐፉ በአንዲት መስመር «የስሮትል ፖዚሽን ሴንሰሩን በመልቲሜትር ፈትሽ» ብሎ ያልፋል። ከዚህች መስመር ውስጥ በአማርኛ ጸንቶ የቆመው «ፈትሽ» የሚለው ግስ ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ቃላት በፊደላችን ተጻፉ እንጂ ትርጉማቸው ወደ ቋንቋችን አልገባም ማለት ይቻላል።

ጉዳዩን ከአጋሮ አንጻር መመልከቱ ይጠቅማል። አጋሮ ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከተማ የሚሠራ መካኒክ በእጁ የሌለውን መለዋወጫ የሚያስመጣው ከጅማ፣ በዚያ ካልተገኘም ከአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የትርጉም ስሕተት ለእሱ የቃላት ክርክር አይደለም። ጤናማው ዕቃ ወጥቶ ይጣላል፤ አዲስ ይገዛል፤ የተቆረጠው ሽቦ ግን እዚያው እንዳለ ይቀራል። ወጪው በባለመኪናው፣ ነቀፌታው በመካኒኩ ላይ ይወድቃል፤ ተርጓሚው በዚህ ሁሉ መካከል የለም። እኛ ደግሞ በዚህ ጽሑፍ እሱን ወደ መካከል ልናመጣው እንወዳለን።

ጅማ የመኪና አገር ከመሆኗ በፊት የሲራራ አገር ነበረች። የሂርማታ ገበያ በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ሲሆን፣ ነጋዴው ቡናውንና ሌላውንም ሸቀጥ በበቅሎና በአህያ ጭኖ ይመላለስ ነበር። መኪና ሲመጣ አማርኛ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ያወጣው ከዚሁ ከከብት ሥራ ነው። መንዳት፣ መጫን፣ ማራገፍ፣ ማስነሣት፣ ማቆም፣ ሁሉም ለበቅሎው ይነገሩ የነበሩ ናቸው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ነጂ» እና «ነዳጅ» ሲሰሙ የአንድ ሥር ልጆች ይመስላሉ፤ አይደሉም። የፊተኛው ከ«ነዳ»፣ የኋለኛው ከ«ነደደ» የወጣ ነው። ነዳጅ ማለት የሚነድድ ማለት ሲሆን፣ ኦሮምኛውም «ቦበኣ» ሲል በዚያው በመቃጠል መንገድ ሄዷል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝቅ ብለን እንደምናየው በዚህ ቃል ላይ የተሠራ አንድ ስያሜ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የመጀመሪያው መኪና ቤድ ቤንትሊ በተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነድቶ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. ከተማዪቱ ደረሰ። ይህ ዘመን ከፈረንሳይኛ «ሹፌር»ን፣ «ጋራዥ»ን፣ «ለገሀር»ን አወረሰን። የተሰየመው ሠራተኛውና ስፍራው ነው፤ የሞተሩ ሆድ ዕቃ ገና አልተነካም።

ሆድ ዕቃውን የሰየመው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ኢጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መዲና አድርገው ስለ ነበር፣ ከአዲስ አበባ ጊቤን ተሻግሮ ጅማ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠሩ። ከመንገዱ ጋር ጭነት መኪናው፣ ከጭነት መኪናው ጋር ጠጋኙ፣ ከጠጋኙ ጋር ቃሉ መጣ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቡሎን፣ ቱቦ፣ ፍሬቻ፣ ሞተሪኖ፣ ከመሣሪያውም ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ከሠራተኛውም ጎሚስታ። መሥሪያ ቤቱ እንኳ ከዚህ አላመለጠም፤ ታርጋውም፣ ቦሎውም ከዚያው የመጡ ናቸው። ወራሪው ወጥቶ ቃሉ የቀረው ማንም ስለ ወሰነ አይደለም። ሥራው ስላልቆመ ነው።

አጋሮ በዚህ ረገድ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያስደስት አጋጣሚ ታቀርባለች። ከተማዪቱ የምትገኝበት ወረዳ ስሙ ጎማ ነው። ጎማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ የነበረ፣ ስሙም የኢጣሊያንኛው የላስቲክ ስም ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንግዲህ «ጎማ ሄዶ ጎማ ለወጠ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአጋሮ ፍጹም የተለመደ ሲሆን፣ ሁለቱን ቃላት የሚያገናኛቸው ከድምፅ በቀር ምንም የለም። በመዝገበ ቃላት ሁለት መግቢያ ሊሰጣቸው ይገባል።

እነዚህ የኢጣሊያንኛ ቃላት የገቡት በመጽሐፍ ሳይሆን በአፍ ነው። ስለዚህም አማርኛ እንደ ልቡ ቀርፆአቸዋል። ማርቻ የነበረው ማርሽ ሆነ፤ ፍሬኖ መጨረሻውን ጥሎ ፍሬን ሆነ፤ የፍሪሲዮን «ጽ» ድምፅ ለዝቦ «ሰ» ሆነ። ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የትኞቹ ክፍሎች ስም እንዳገኙና የትኞቹ እንዳላገኙ መመርመር ነው። ስም ያገኙት ነጂው የሚረግጣቸው፣ መካኒኩም የሚፈታቸውና የሚለውጣቸው ናቸው። ካንዴላ ይወጣል፤ ይጠረጋል፤ ይለወጣል፤ ስለዚህ ስም አለው። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የምትዞረው ክብ ክዳን ግን ብቻዋን ተፈልጋ የምትጠራበት ጊዜ ጥቂት ነበር። ካርቡሬተሩ በጠቅላላው በአንድ ስም ይጠራል፤ የሞተሩ ድምፅ በጆሮ እየተሰማ ብሎኑ በካቻቢቴ ይጠብቃል ወይም ይላላል፤ ሥራው በዚሁ ይፈጸማል። በጆሮ ለሚሠራ ሥራ የክዳኒቱን አከፋፈት በቁጥር መናገር አያስፈልግም ነበር።

ከዚህ የተነሣ ለእግር መርገጫው አማርኛ የራሱን ስም ሰጠ፤ «ነዳጅ መስጫ» አለው። ኢጣሊያንኛውም እንግሊዝኛውም መርገጫውን «ማፍጠኛ» በሚል ሐሳብ ሲጠሩት፣ አማርኛ ግን ከውጤቱ ይልቅ አሠራሩን ለመግለጽ ሞከረ። ሙከራው የሚደነቅ ነው። ቡናውን ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ያጓጉዙ ለነበሩት ለፊያት 682ና ለመሰሎቹ የናፍታ መኪናዎችም ስያሜው ትክክል ነው። በቀድሞው የናፍታ ሞተር አየሩ ያለ ከልካይ ይገባልና፣ የመርገጫው ሥራ በፖምፓው አማካይነት የናፍታውን መጠን መጨመርና መቀነስ ነው። የሚረግጠው ሰው በእርግጥ ነዳጅ ይሰጣል።

በቤንዚን ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሚረግጠው ሰው የሚከፍተው የአየሩን በር ነው። በካርቡሬተር ዘመን የገባው አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ቤንዚኑን ራሱ ስቦ ያመጣው ነበር። በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ ኮምፒውተሩ የገባውን አየር ገምቶ የቤንዚኑን ልክ ይወስናል። በሁለቱም ዘንድ እግር አየር ይሰጣል፤ ነዳጁ በአየሩ ልክ ይከተላል። እንግዲህ «ነዳጅ መስጫ» ለናፍታው እውነት፣ ለቤንዚኑ ሐሰት የሆነ ስያሜ ነው። በካርቡሬተሩ ዘመን ይህ ሐሰት ማንንም አልጎዳም፤ ጉዳቱ የታየው ክዳኒቱ ለኪ ከተገጠመላት በኋላ ነው።

ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1967 በፎልክስዋገን መኪና ላይ የኤሌክትሮኒክ የቤንዚን መርጫ ሲያወጣ፣ ክዳኒቱ ተዘግታ ወይም ተከፍታ እንደ ሆነ ለማስታወቅ ከዘንጓ ጫፍ መሣሪያ ተገጠመ። ይህ ዐይነት አሠራር እየዳበረ ሄዶ፣ ዛሬ በጅማ መንገድ ከሚመላለሱት ቶዮታዎች መካከል በቤንዚን የሚሠሩት ይዘውት ይገኛሉ። ቃላቱ አሁን ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፉ አልሆኑም፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍና በኮምፒውተር መመርመሪያ ገጽ ተጽፈው መጡ። ስለዚህ ኢጣሊያንኛው ተቀርፆ ሲገባ እንግሊዝኛው ሳይቀረፅ ገባ። «ሴንሰር» ብቻ በመካኒኩ አፍ ተለማምዷል።

ለዚህ መሣሪያ «የነዳጅ መስጫ ሴንሰር» የሚል ትርጉም መስጠት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ከሁሉ የከፋውም እሱ ነው። አንደኛ፣ አንባቢውን ወደ ነዳጁ መስመር ይመራዋል፤ ያልታመመው ፖምፓ ይፈታል። ሁለተኛ፣ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ከእግር መርገጫው ሥር ራሱን የቻለ ሌላ ለኪ አለ። «የነዳጅ መስጫ ሴንሰር» ተብሎ ቢጠራ የሚገባው እሱ ነው። ሁለት ዕቃ በአንድ ስም ከተጠራ መለዋወጫ የሚያዝዘው ሰው የትኛው እንደሚመጣለት አያውቅም።

«ስሮትል» ራሱ ከየት መጣ? እንግሊዝኛው ከጉሮሮ ስም የወጣ፣ በግስነቱም ማነቅ ማለት ነው። ጀርመንኛውም በዚሁ በማነቅ ሐሳብ ይሄዳል። ኢጣሊያንኛና ፈረንሳይኛ ግን ክዳኒቱ በዘንግ ላይ ክንፏን እንደ ዘረጋች አይተው ቢራቢሮ ይሏታል፤ ፋርፋላ፣ ፓፒዮን። ተርጓሚ ከሁለቱ አንዱን ቃል በቃል ቢከተል «ማነቂያ» ወይም «ቢራቢሮ» ይላል። «ማነቂያ» ለአማርኛ ጆሮ የገመድ ነገር ነው። «ቢራቢሮ» ያምራል፤ ነገር ግን ክዳኒቱን ፈትቶ ላላየ ሰው አይነግረውም። «ቫልቮላ» ይባል የሚል ቢኖር፣ በእኛ አገር ቫልቮላ ሲባል ኮረንቲ ሲበዛ የሚቃጠለው ዕቃ ነው፤ አንባቢው ወደ ፊውዝ ሣጥኑ ይሄዳል። እኛ የምንመርጠው ግልጹን ነው፤ «የአየር ክዳን»። የምትከድነውን ይናገራልና፣ «ነዳጅ መስጫ» ያደረሰውንም ስሕተት ሳይሟገት ያርማል።

«ፖዚሽን» የባሰ ወጥመድ አለው። «ቦታ» ወይም «ስፍራ» ቢባል አንባቢው መሣሪያው የተተከለበትን ቦታ ያስባል። የተፈለገው ግን ክዳኒቱ ምን ያህል እንደ ተከፈተች ነው። «ክፍተት» እንዳይባል ለካንዴላ ጫፎች መራራቅ ተይዟል፤ በስብሰባ ቋንቋም ጉድለት ማለት ሆኗል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ የስም ቅርፅ አለው፤ አቀማመጥ፣ አነዳድ፣ አያያዝ እንደምንል «አከፋፈት» እንላለን። ሁኔታንም መጠንንም ይይዛል። ለ«ሴንሰር» «ጠቋሚ» የሚለውን የሚያቀርቡ አሉ፤ ቃሉ ግን የመለኪያውን ቀስት ይጠራል፤ በዕድሜ ገፋ ላለውም አንባቢ ጎረቤቱን የሚያሲዘውን ሰው ያስታውሰዋል። «ለኪ» ይሻላል። «መለኪያ» ግን አይሆንም፤ በመካኒኩ እጅ ያለው መሣሪያ ስም ነውና። (የዐረቄው መለኪያ በዚህ ላይ ሲታከል ሦስት ይሆናሉ፤ እሱን ዐውዱ ይለየዋል።) እንግዲህ በሙሉው «የአየር ክዳን አከፋፈት ለኪ»፣ በአጭሩ «የክዳን ለኪ»፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሴንሰር» አብሮት ይጻፍ እንላለን። መካኒኩ የለመደውን መንጠቅ የስያሜ ሥራ አይደለም።

መልቲሜትር የቮልቱን፣ የኦሙን፣ የአምፔሩን መለኪያ በአንድ ሣጥን የያዘ ነው። በእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የነበረው ዶናልድ ማካዲ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበጀው መሣሪያ ከሦስቱ መስፈርቶች የመጀመሪያ ፊደላት «አቮ» ተብሎ ነበር። «ሁለገብ መለኪያ» ብንለው ትርጉሙ ሙሉ ነው፤ በጋራዥ «ቴስተር» የሚለው ቢሰማም አይጋጭም። ቮልት፣ ኦምና አምፔር የሰዎች መታሰቢያ ናቸውና አይተረጐሙም። ስለዚህም በኦም የሚለካውን ነገር «ተቃውሞ» ብሎ ከማስደንገጥ ይልቅ «የኦም መጠን» ማለት ለጥገና መጽሐፍ ይበቃል።

አሁን ፈተናውን እንመልከት፤ ቃላቱ የሚፈተኑትም በዚህ ነውና። በቀድሞው ዐይነት የክዳን ለኪ ውስጥ ቀጭን የካርቦን መንገድ አለ። በእሱ ላይ ከክዳኒቱ ዘንግ ጋር የሚዞር ተንሸራታች ይሄዳል። ከሶኬቱ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ። አንዱ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ያመጣል፤ አንዱ ወደ ኔጌቲቭ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ተንሸራታቹ የቆመበትን ስፍራ በቮልት ይናገራል። ቶዮታ እነዚህን በተራ ቪሲ፣ ኢ2፣ ቪቲኤ ይላቸዋል። በአንዳንዶቹ አራተኛ አለ፤ አይዲኤል የሚባለው ክዳኒቱ ፈጽማ ስትዘጋ ብቻ ከኢ2 ጋር የሚገናኝ ነው። እነዚህ የፊደል ምልክቶች በሥዕሉና በሶኬቱ ላይ ስለሚገኙ መተርጐም የለባቸውም።

የመጀመሪያው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሣ ማለት ነው። ተርጓሚው ቸኩሎ «መኪናውን አስነሣ» ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ይበላሻል፤ ክዳኒቱን በእጅ እስከ ጫፍ መክፈት የተዘዘው ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነውና። ቀጥሎ መለኪያው በቮልት ላይ ይደረጋል። ጥቁሩ ጫፍ ከኢ2፣ ቀዩ ከቪሲ ጋር ሲነካ 5 ቮልት ያህል መታየት አለበት። ይህ ካልታየ በደሉ ከሽቦው ወይም ከኮምፒውተሩ ነው፤ ለኪውን መለወጥ አይጠቅምም። ዕቃው ሳይታመም የሚጣለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እርምጃ ሲዘለል ስለ ሆነ፣ ትርጉሙ እዚህ ላይ ቢረዝም አይከፋም።

ከዚያ ቀዩ ጫፍ ወደ ቪቲኤ ይዛወራል። ክዳኒቱ ተዘግታ ሳለች ግማሽ ቮልት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ስትከፈት ከ4 እስከ 4.5 ቮልት ገደማ ይነበባል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከመኪናው መጽሐፍ ይወሰዳል። ዋናው ነገር ግን ሁለቱ ጫፎች አይደሉም። መካከሉ ነው። ክዳኒቱ በዝግታ ስትከፈት ቁጥሩ ሳይዘል፣ ሳይወድቅ መውጣት አለበት። ካርቦኑ የሚያልቀው ነጂው እግሩን አብዝቶ በሚያሳርፍበት፣ ማለት ጥቂት በተከፈተችበት ስፍራ ነው፤ ተንሸራታቹ እዚያ ሲደርስ ቮልቱ ለቅጽበት ይጠፋል፤ ሞተሩም ሲረገጥ የሚዘገየው በዚሁ ነው። ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ ይህን ቅጽበት ሊያልፈው ሲችል፣ ባለቀስቱ አሮጌ መለኪያ በቀስቱ መንቀጥቀጥ ያሳያል። ከጋራዡ መደርደሪያ አሮጌውን መለኪያ ያልጣለ መካኒክ እዚህ ላይ ይጠቀማል።

ሽቦውን በመርፌ ወግቶ መለካት በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። እንደ ጅማና አጋሮ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ግን በተወጋው ቀዳዳ እርጥበት ገብቶ መዳቡን ያዝገዋል። ከሶኬቱ ጀርባ በቀጭን ጫፍ ገብቶ መንካት ይሻላል። ይህን የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ በአማርኛ አቻ ስለሌለው «ሶኬቱን ሳትነቅል ከጀርባው ንካ» ተብሎ በዐረፍተ ነገር ይገለጽ።

የሦስቱ ሽቦዎች ስም ገና ቀርቶናል። አምስት ቮልት የሚያመጣውን «የመመዘኛ ሽቦ» ብንለው መልካም ነው፤ መልሱ የሚመዘነው በእሱ ነውና። የቪቲኤው «የምልክት ሽቦ» ይባል። «የመልስ ሽቦ» እንዳይባል፤ «መልስ» መመለስንም ምላሽንም ስለሚይዝ አንዱ አንባቢ ቪቲኤን፣ ሌላው ኢ2ን ይነካል። ኢ2 ራሱ በእንግሊዝኛ «መሬት»፣ በኢጣሊያንኛ «ማሳ» ይባላል። የኢጣሊያንኛው ማሳ ክምችት ማለት ነው፤ ይሁን እንጂ የአጋሮ አንባቢ በሁለቱም ቃላት የሚያየው የቡና ማሳ ነው! መካኒኩ «ኔጌቲቭ» ይላል፤ ይኸው ይበቃል።

በኦም የሚደረገው ፈተና ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ቁልፉም ተዘግቶ ነው። በቪሲና በኢ2 መካከል በሺህ የሚቆጠር ኦም ይታያል፤ ክዳኒቱ ብትንቀሳቀስም አይለወጥም። በቪቲኤና በኢ2 መካከል ግን ከክዳኒቱ ጋር ይወጣል፤ ይወርዳል። የቮልቱና የኦሙ ትእዛዝ በአንድ አንቀጽ ተቀላቅሎ መጻፍ የለበትም፤ ኮረንቲ ባለበት ኦም የሚለካ ሰው ሐሰተኛ ቁጥር ያነባል፤ መለኪያውንም ሊያበላሽ ይችላል።

የስያሜ ሥራ የተለመደው መሰላል ከአማርኛ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ወደ ግእዝ፣ ከዚያ ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ወደ ውጭው ይሄዳል። የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በዚህ ዐይነት ብዙ ተሠርቷል፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላቱም በ1989 ዓ.ም. ለኅትመት በቅቷል። መሰላሉን እናከብራለን። ነገር ግን ጋራዥ ከመሰላሉ በፊት የነበረ ቤት ነው። በአጋሮ አንዱ መካኒክ ለደንበኛው በኦሮምኛ፣ ለዕቃ ሻጩ በአማርኛ፣ ለዕቃው ሣጥን በእንግሊዝኛ ፊደል ይናገራል፤ ፍሬንና ካንዴላ በኦሮምኛውም በአማርኛውም ውስጥ ሳይለወጡ ያልፋሉ። ሦስቱንም በር የሚያልፍ ቃል ከግእዝ ከተቀመረው ይልቅ ይኖራል። «ክዳን» እና «ለኪ» አጫጭር ስለ ሆኑ ይህን ዕድል ሊያገኙ ይችላሉ ብለን እናስባለን።

በአዳዲሶቹ መኪናዎች የካርቦኑ መንገድ ቀርቷል። ለኪው ሳይነካካ በማግኔት ኃይል ይሠራል፤ ቪቲኤ1 እና ቪቲኤ2 የተባሉ ሁለት ምልክቶችም ይልካል። ኮምፒውተሩ አንዱን በሌላው ያመሳክራል፤ ክዳኒቱንም የሚከፍተው ገመድ ሳይሆን ሞተር ነው። ለእነዚህ የኦሙ ፈተና ትርጉም የለውም፤ የቮልቱ ብቻ ይሠራል። በእጅ መክፈትም ስለማይገባ መካኒኩ መርገጫውን እያስረገጠ ያነባል። ስለዚህ አሮጌውን መጽሐፍ የሚተረጉም ሰው በርእሱ ላይ «ባለ ካርቦን ለኪ» ብሎ ይጻፍ፤ ለአዲሱ «ባለ ማግኔት ለኪ» የሚል ሌላ ርእስ ይክፈት። የእግር መርገጫው ደግሞ በእነዚህ መኪናዎች ለኮምፒውተሩ የነጂውን ፈቃድ ከማስታወቅ በቀር ነዳጅም አየርም አይሰጥምና፣ በመጽሐፉ ውስጥ «መርገጫ» ብቻ፣ ለኪውም «የመርገጫ ለኪ» ይባል።